ማሽኑ አየ፣ ሰውየው አላየም፣ ነጋዴው ከፈለ

መርካቶ ውስጥ ጎማ የሚያስመጡ አንድ የማውቃቸው ሰው አሉ። ጋሼ ነው የምላቸው። በ2024 መጀመሪያ ላይ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሱቃቸው ጎራ ባልኩ ቁጥር ስልካቸውን አውጥተው አንዲት ትንሽ ቀስት ያሳዩኝ ነበር። ቀስቷ መርከብ ናት። የእሳቸው ሁለት ኮንቴይነር የተጫነባት፣ ከቻይና ተነስታ ጅቡቲ የምትገባ መርከብ። «ዛሬ ስሪላንካን አለፈች» ይሉኛል፣ ከሐጅ የሚመለስ ዘመድ እንደሚጠብቅ ሰው። አንድ ቀን ታዲያ ቀስቷ ኤደን ባሕረ ሰላጤ መግቢያ ላይ ድንገት ጠፋች። ጋሼ ሁለት ሌሊት እንቅልፍ አጡ። ትራንዚተራቸው ጋ ተደወለ፣ ትራንዚተሩ ጅቡቲ ደወለ፣ የሚያውቅ የለም። በሦስተኛው ቀን ቀስቷ ጅቡቲ ወደብ ፊት ለፊት ብቅ አለች። መርከቧ ምንም አልሆነችም። ካፒቴኑ መሣሪያውን አጥፍቶት ነበር።

ጋሼ ከመደሰት ይልቅ ተናደዱ። «የኔን ንብረት ጭኖ እኔ እንዳላየው ያጠፋዋል እንዴ?» አሉኝ።

ንዴታቸው ገብቶኛል፤ ነገር ግን ያቺ ቀስት የተፈጠረችው ለእሳቸው አልነበረም። የተፈጠረችው መርከቦች እርስ በርስ እንዳይላተሙ ነው። የዛሬው ጽሑፌም ስለዚሁ ነው። ባሕር ላይ ግጭት እንዲከላከሉ የተሠሩት ማሽኖች በየዓመቱ እየረቀቁ ሄደዋል፤ ሆኖም ማሽኑ አይቶ ሰው ሳያይ ሲቀር ሒሳቡ በስተመጨረሻ የሚወራረደው በእኛ በዕቃ ባለቤቶቹ ኪስ ነው። ይህን ደግሞ አብዛኛው አስመጪ የሚያውቀው ዕቃው ከተያዘበት በኋላ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የቀስቷ ምንጭ ባሕረኞች ኤ.አይ.ኤስ. የሚሉት መሣሪያ ነው። ዓለም አቀፍ ጉዞ የሚያደርግ ጠቅላላ ቶኔጁ 300 እና ከዚያ በላይ የሆነ መርከብ ሁሉ እንዲገጥመው ዓለም አቀፉ የማሪታይም ድርጅት ያስገደደ ሲሆን፣ ግዴታው ከ2002 ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ተፈጻሚ ሆኖ በ2004 መጨረሻ ተጠናቋል። መሣሪያው በቪ.ኤች.ኤፍ. ሬዲዮ ሞገድ ላይ፣ መርከቡ ሲጓዝ በየ2 እስከ 10 ሰከንዱ፣ መልህቅ ጥሎ ሲቆም በየ3 ደቂቃው «ስሜ እገሌ ነው፣ ያለሁት እዚህ ነው፣ የምሄደው ወደዚያ ነው፣ ፍጥነቴ ይህን ያህል ነው» እያለ ይለፍፋል። በጭጋግም በጨለማም አካባቢው ያለ መርከብ ሁሉ ይሰማዋል። የባሕር ዳርቻ አንቴናዎችና ሳተላይቶችም ይሰሙታል፤ ከእነሱ የገዙ ኩባንያዎች ናቸው ለጋሼ ስልክ የሚያቀብሉት።

ከኤ.አይ.ኤስ. በፊት አርፓ የሚባለው መጣ። አርፓ በራዳር ላይ የተጨመረ ሒሳብ ሠሪ ነው። የሌላውን መርከብ አካሄድ ተከታትሎ «በዚሁ ከቀጠላችሁ ለምሳሌ በ14 ደቂቃ ውስጥ 200 ሜትር ተቀራርባችሁ ትተላለፋላችሁ» የሚል ስሌት ያወጣል፤ የተሰጠው ወሰን ከታለፈም ይጮኻል። ከ1980ዎቹ ጀምሮ በትላልቅ መርከቦች ላይ ግዴታ ነው። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ሁለቱም መሣሪያዎች ይናገራሉ እንጂ መሪውን አይዙም። መሪውን የሚያዞረው ሰው ነው። በ1972 ወጥቶ በ1977 ሥራ ላይ የዋለው የባሕር ላይ ግጭት መከላከያ ደንብም ማንኛውም መርከብ ሁልጊዜ በዓይንም በጆሮም ባለው መሣሪያም ሁሉ ቅኝት እንዲያደርግ ያዛል። ማሽን ገዝቻለሁና ቃኚ አላቆምም የሚል ፈቃድ ደንቡ ውስጥ የለም።

የማሽንና የሰው ጣጣ የጀመረው ግን ዛሬ አይደለም። በሐምሌ 1956 የጣሊያኗ አንድሪያ ዶሪያ እና የስዊድኗ ስቶክሆልም ከአሜሪካ የባሕር ዳርቻ ወጣ ብሎ ናንተኬት አካባቢ ተላተሙ። 51 ሰው ሞተ። ሁለቱም ራዳር ነበራቸው፤ ሁለቱም ከመጋጨታቸው ብዙ ደቂቃዎች በፊት እርስ በርስ በራዳር ተያይተዋል። አንዱ በግራ እንተላለፋለን ብሎ አሰበ፣ ሌላው በቀኝ። የአንድሪያ ዶሪያ መኮንኖች ራዳሩ ያሳያቸውን ነጥብ በወረቀት ላይ አስፍረው አካሄዱን አላሰሉም፤ በዓይን ግምት ሄዱ። ባሕረኞች ከዚያ ወዲህ «በራዳር ድጋፍ የተፈጸመ ግጭት» የሚል የምጸት አባባል አላቸው። ራዳር ባይኖር ኖሮ ሁለቱም ፍጥነት ቀንሰው እየፈሩ ይሄዱ ነበር ለማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ የሚያስቀው ባያስለቅስ ነበር። በታኅሣሥ 14 ቀን 2002 ትራይከለር የምትባል የኖርዌይ መርከብ 2,862 አዳዲስ መኪናዎች፣ ቮልቮ፣ ቢ.ኤም.ደብልዩ እና ሳብ ጭና በእንግሊዝ ቻናል ጭጋግ ውስጥ ስትጓዝ ካሪባ ከተባለች የኮንቴይነር መርከብ ጋር ተጋጭታ ሰጠመች። ሠራተኞቹ ሁሉም ተረፉ። የተሰበረችው መርከብ አካል ዙሪያ ጠባቂ መርከቦች ቆሙ፣ በሬዲዮ ማስጠንቀቂያ ይነገር ጀመር። ከሁለት ቀን በኋላ ኒኮላ የተባለች መርከብ መጥታ በሰጠመችው ላይ ወጣችባት። በአዲሱ ዓመት ዕለት ደግሞ ቪኪ የተባለች፣ ነዳጅ የጫነች መርከብ መጥታ ደገመችው። መሣሪያ ያላቸው፣ ማስጠንቀቂያ የሚነገራቸው፣ ጠባቂ የቆመላቸው መርከቦች ናቸው! በኋላ ትራይከለርን በትልቅ የሽቦ መጋዝ ቆራርጠው አወጧት። መኪናዎቹ ሁሉ ቁርጥራጭ ብረት ሆኑ።

ያኔ ኤ.አይ.ኤስ. ገና እየተገጠመ ነበር የሚል ሰው ይኖራል። እሺ፤ ወደ ቅርቡ እንምጣ። በጥቅምት 2018 ከኮርሲካ በስተሰሜን፣ በጠራ ሰማይና በተረጋጋ ባሕር፣ ዩሊስ የምትባል የቱኒዚያ መርከብ ቀጥ ብላ ሄዳ መልህቅ ጥላ የቆመችን የኮንቴይነር መርከብ ጎኗን ወጋች። የፈረንሳይ መርማሪዎች እንዳገኙት የቆመችው መርከብ ተረኛ መኮንን ሞባይል ስልክ ላይ ነበር፤ የዩሊስ ተረኛ ደግሞ ከኋላ ባለው የካርታ ክፍል በሌላ ሥራ ተጠምዷል። በመጋቢት 10 ቀን 2025 ደግሞ በእንግሊዝ ምሥራቃዊ ዳርቻ ሶሎንግ የተባለች የኮንቴይነር መርከብ መልህቅ ጥላ የቆመችውን፣ 220,000 በርሜል ገደማ የአውሮፕላን ነዳጅ የጫነችውን ስቴና ኢማኩሌት ገጨች። ሁለቱም ነደዱ፤ ከሶሎንግ ሠራተኞች አንዱ ሞተ። የእንግሊዝ የባሕር አደጋ መርማሪ መሥሪያ ቤት በመጀመሪያ ሪፖርቱ ያሰፈረው ነገር አጭር ነው፤ በሁለቱም መርከቦች የመሪ ክፍል ውስጥ ለቅኝት ብቻ የተመደበ ሰው አልነበረም።

ይኸው መሥሪያ ቤት በ2004 ባወጣው ጥናት ከተጋጩት መርከቦች ውስጥ 65 በመቶዎቹ ተገቢውን ቅኝት አያደርጉም ነበር ብሏል። በጥናቱ የተገኘው ሌላው ነገር ደግሞ እኛን ነጋዴዎችን በቀጥታ ይነካል። በትናንሽ የንግድ መርከቦች ላይ ካፒቴኑና አንድ መኮንን ብቻ ስድስት ስድስት ሰዓት እየተፈራረቁ ይነዳሉ። ሰው ናቸውና ይደክማሉ። ታዲያ ሦስተኛ መኮንን ለምን አይቀጠርም? ደመወዝ ስለሚጠይቅ። ደመወዙ ደግሞ ፍሬይት ላይ ይታያል፤ ፍሬይቱን በኮንቴይነር ሃምሳ ዶላር ካልቀነስክልኝ ሌላ መስመር እሄዳለሁ የምንለው ደግሞ እኛው ነን። የመርከብ ባለቤቱ ማሽኑን የሚገዛው ባሕሩ እንዲጠበቅ ብቻ ብሎ አይደለም፤ ማሽን አለ እያለ ሰው ለመቀነስም ነው። ማሽኑን አልቃወምም። ማሽኑ ሰው እንዲተካ መደረጉን ነው የምቃወመው፤ ምክንያቱም ማሽኑ ሲጮህ የሚሰማ ሰው ከሌለ ጩኸቱ ለማንም አይረባም። መርከብ በበዛበት ጠባብ ባሕር ደግሞ ማስጠንቀቂያው በየደቂቃው ይጮኻል፤ የሰለቸው ተረኛ ወሰኑን ዝቅ ያደርገዋል ወይም ድምፁን ይዘጋዋል።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ፤ የዚህ ገጽ አንባቢ የሚፈልገውም ይህን ነው።

ሁለት መርከቦች ተላተሙ እንበል። ያንተ ኮንቴይነር በአንደኛው ላይ አለ፤ ምንም አልነካውም፤ ደረቅ ነው፣ ሙሉ ነው። ታዲያ ምን ያሳስብሃል? ጄኔራል አቬሬጅ የሚባል ጥንታዊ የባሕር ደንብ አለ። መርከቡንና ዕቃውን ሁሉ ከጋራ አደጋ ለማዳን ሆን ተብሎ የወጣ ወጪ፣ ለአዳኝ ጀልባዎች የተከፈለው፣ መሸሸጊያ ወደብ ለመግባት የወጣው፣ በመርከቡ ባለቤትና በዕቃ ባለቤቶች ሁሉ መካከል እንደየንብረታቸው ዋጋ ይከፋፈላል። ግጭቱ በመርከቡ ላይ ያደረሰው ስብራት አይደለም የሚከፋፈለው፤ የማዳኑ ወጪ ነው። ድርሻህን እከፍላለሁ ብለህ ካልፈረምክ፣ ኢንሹራንስህም ዋስትና ካልሰጠልህ፣ ኢንሹራንስ ከሌለህ ደግሞ ጥሬ ገንዘብ ካላስያዝክ ዕቃህ አይለቀቅም።

ምን ያህል? በመጋቢት 2018 መርስክ ሆናም የተባለችው መርከብ በዐረብ ባሕር ላይ ስትቃጠል (ግጭት አልነበረም፤ ደንቡ ግን አንድ ነው) ለአዳኞች 42.5 በመቶ፣ ለጄኔራል አቬሬጅ ደግሞ 11.5 በመቶ የዕቃው ዋጋ ዋስትና ተጠየቀ። ተደምሮ 54 በመቶ ማለት ነው። የ100,000 ዶላር ጎማ ያለው ሰው በገዛ ጎማው ላይ የ54,000 ዶላር ዋስትና ሳያቀርብ ዕቃውን አያይም። ኢንሹራንስ የሌለው ከየት ያመጣዋል? በውጭ ምንዛሪ እኮ ነው!

«እሺ፣ ጥፋቱ የካፒቴኑ ነው፤ የመርከቡን ኩባንያ እከሳለሁ» ትላለህ። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚደነግጠው። አብዛኞቹ ቢል ኦፍ ሎዲንጎች የሚከተሉት የ1924 የሄግ ደንብና ማሻሻያው፣ ካፒቴኑ፣ ባሕረኛው፣ ፓይለቱ ወይም የአጓጓዡ ሠራተኛ መርከቡን በመንዳት ረገድ ለፈጸመው ስህተት አጓጓዡ ተጠያቂ አይደለም ይላል። በደንብ አንብቡት። ካፒቴኑ ስልክ ሲያወራ መርከብ ገጨ፤ ኩባንያው ነፃ ነው፤ ያንተ ዕቃ ግን ድርሻውን ይከፍላል። ከሌላኛው መርከብ ባለቤት እንደ ጥፋቱ መጠን መጠየቅ ይቻላል፤ ጊዜና ጠበቃ ካለህ። ይህን ነፃነት የሚያነሳ የሐምቡርግ ደንብ በ1978 ወጥቶ ነበር፤ ትላልቆቹ የባሕር ንግድ አገሮች ግን አልገቡበትም።

ይሁንና አንድ ቀዳዳ አለ። አጓጓዡ መርከቡ ከወደብ ከመነሳቱ በፊት ለጉዞ ብቁ እንዲሆን ተገቢውን ትጋት ማድረግ አለበት። ይህን ካላደረገ ነፃነቱን ያጣል። በግንቦት 2011 ሲ.ኤም.ኤ. ሲ.ጂ.ኤም. ሊብራ የተባለች መርከብ ከቻይናው ሺያመን ወደብ ስትወጣ መሬት ላይ ወጣች። ባለቤቶቹ ጄኔራል አቬሬጅ ጠየቁ። አብዛኞቹ የዕቃ ባለቤቶች ከፈሉ። ጥቂቶች ግን፣ ድርሻቸው 800,000 ዶላር ገደማ ይሆናል፣ አንከፍልም አሉ። ከጉዞው በፊት የተዘጋጀው የጉዞ ዕቅድና ካርታ ጎደሎ ነበር፤ ከመስመሩ ውጪ ያለው የጥልቀት ቁጥር እንደማይታመን የሚገልጸው ማስጠንቀቂያ አልተጻፈበትም ብለው ተከራከሩ። ክርክሩ እስከ እንግሊዝ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በኅዳር 2021 የዕቃ ባለቤቶቹ ረቱ። ጎደሎ ዕቅድ የያዘ መርከብ ለጉዞ ብቁ አይደለም ተባለ። አሥር ዓመት የፈጀ ክርክር ነው፤ ግን ተረቱ ተብሎ የሚጠበቁት ትንንሾቹ ነበሩ ያሸነፉት።

ማሽኖቹ ለእኛ ለነጋዴዎች ጥቅም የሚሰጡት እዚህ ላይ ይመስለኛል። ግጭት ከማስቀረት ይልቅ ምስክር መሆን ላይ ብርቱ ናቸው። መርከቦች እንደ አውሮፕላን ጥቁር ሣጥን አላቸው፤ በመሪው ክፍል የተባለውን ድምፅ፣ የራዳሩን ምስል፣ ፍጥነቱን፣ የመሪውን አቅጣጫ ይመዘግባል። ዱባይ ለምትነግዱ የቅርብ ምሳሌ ልስጥ። በየካቲት 2015 ጀበል አሊ ወደብ ደጃፍ ላይ ኤቨር ስማርት የተባለችው የኮንቴይነር መርከብ ስትወጣ ሊገባ ፓይለት ከሚጠብቅ አሌክሳንድራ 1 ከሚባል የነዳጅ መርከብ ጋር ተላተመች። ጉዳዩ በ2021 የእንግሊዝ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሲደርስ የተነሳው ዋና ክርክር የትኛው ደንብ ይሠራል የሚል ነበር። እያንዳንዱ መርከብ በየትኛው ደቂቃ የት እንደነበረ ግን ከመዝገቡ ታውቋል። ድሮ ሁለት ካፒቴኖች ተቃራኒ ነገር እየማሉ ዳኛውን ግራ ያጋቡ ነበር።

ስለዚህ ዕቃው ተይዞበት ዋስትና የተጠየቀ አስመጪ ደንግጦ ከመፈረሙ በፊት ኢንሹራንሱን «መዝገቡን ጠይቀሃል ወይ? ማስጠንቀቂያው ከመነሻው ተዘግቶ ነበር ወይ? ራዳሩ ይሠራ ነበር ወይ? ስንት መኮንን ነበረው?» ብሎ መጠየቅ አለበት። ኢንሹራንሶቻችን መዋጮውን ከፍለው ፋይሉን መዝጋት ይቀናቸዋል ብዬ እፈራለሁ። ዋስትናውን ስጡ፣ ዕቃው ይውጣ፤ ክርክሩን ግን አትተዉ።

ሁለተኛው የሚያሳስበኝ የእኛው ደጃፍ ነው። ኤ.አይ.ኤስ. ያለበትን ቦታ የሚያውቀው ከጂ.ፒ.ኤስ. ነው። ጂ.ፒ.ኤስ. ሲታወክ ወይም ሆን ተብሎ ሲዋሽ መሣሪያው ውሸቱን ለአካባቢው ሁሉ ይለፍፋል። ራዳር ግን የራሱን ሞገድ ልኮ የራሱን ማሚቶ ስለሚሰማ አይታለልም፤ የሚመለከተው ሰው ካለ ማለቴ ነው። በግንቦት 2025 ኤም.ኤስ.ሲ. አንቶኒያ የተባለችው የኮንቴይነር መርከብ ከጂዳ አቅራቢያ ቀይ ባሕር ላይ መሬት ላይ ስትወጣ የመርከብ ተከታታይ ኩባንያዎች የጂ.ፒ.ኤስ. መታወክን ጠርጥረዋል። በተከታዩ ወር፣ በእስራኤልና በኢራን ጦርነት መካከል፣ በሆርሙዝ መተላለፊያ አካባቢ በቀን አንድ ሺህ የሚጠጉ መርከቦች ምልክታቸው ይታወክ ነበር። ፍሮንት ኢግል የተባለችው 2 ሚሊዮን በርሜል የኢራቅ ድፍድፍ የጫነች መርከብ አንድ ቀን ምልክቷ ኢራን የብስ ላይ ታየ። ከሁለት ቀን በኋላ፣ ሰኔ 17፣ አዳሊን ከተባለች ሌላ የነዳጅ መርከብ ጋር ተጋጭተው እሳት ተነሳ፤ የአዳሊን 24 ሠራተኞች በኤምሬቶች የባሕር ጠባቂዎች ወጡ። የኤምሬቶች ኢነርጂ ሚኒስቴር ምክንያቱ የአንደኛው መርከብ የአነዳድ ስህተት ነው አለ።

የጋሼ ቀስት የጠፋችበትም ምክንያት የዚሁ ዘመድ ነው። ከኅዳር 2023 ጀምሮ የየመን ሁቲዎች መርከቦችን ሲያጠቁ ብዙ ካፒቴኖች በቀይ ባሕርና በኤደን ባሕረ ሰላጤ ኤ.አይ.ኤሳቸውን አጠፉ። የማሪታይም ድርጅቱ መመሪያም ካፒቴኑ ለመርከቡ ደኅንነት ከሰጋ እንዲያጠፋ ይፈቅዳል። ስም፣ ቦታና ፍጥነት የሚለፍፍ መሣሪያ ለሚሳይል ተኳሽም ይለፍፋል። እንግዲህ ባብ ኤል መንደብን አስቡት። ወርዱ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መሐሉ ላይ ደሴት አለ፤ በሌሊት ምልክት ያጠፉ ትላልቅ መርከቦች የሚተላለፉበት ጊዜ ነበር። ከግጭት የሚያድነው መሣሪያ ከሚሳይል ለማምለጥ ጠፋ።

ይህ ሁሉ ፖሊሲያችን ላይ ጥያቄ ያስነሳል። የባሕር ዕቃ ኢንሹራንስ ኤ፣ ቢ እና ሲ ተብሎ የሚታወቀው ሲሆን ርካሹ ሲ እንኳ የመርከብ ግጭትንና ጄኔራል አቬሬጅን ይሸፍናል። ርካሽ ገዛሁ ብሎ የሚሰጋ በዚህ በኩል ይረጋጋ። የማይሸፈነው ሌላ ነው። መዘግየት በየትኛውም አይሸፈንም፤ ገና ለገና የጠበቅከው ገበያ አልፎ ጎማው ሦስት ወር ቢዘገይ ኪሣራው ያንተ ነው። ጦርነት ለብቻው ካልተገዛ አይሸፈንም። በብዙ ፖሊሲዎች ግርጌ ደግሞ ሲ.ኤል. 380 የምትባል፣ ከ2003 ጀምሮ ያለች አንቀጽ ትለጠፋለች። ኮምፒውተር ወይም ኤሌክትሮኒክ ሥርዓት ጉዳት ለማድረስ መሣሪያ ሆኖ ሲያገለግል የሚደርስን ጉዳት አልሸፍንም ትላለች። ታዲያ አንድ ጦር ሆን ብሎ ጂ.ፒ.ኤስ. ቢያውክና ሁለት መርከቦች ቢጋጩ ይህ ግጭት ነው? ጦርነት ነው? ወይስ ሲ.ኤል. 380? ሦስቱም እያንዳንዳቸው የሚያከራክሩ ናቸው፤ እኔ እንደማየው አንድ ኢንሹራንስ ላለመክፈል ከፈለገ ቃላቱ በቂ ቦታ ይሰጡታል። መልሱ መጠየቅ ያለበት ፕሪሚየም ሲከፈል ነው፤ በጽሑፍ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ የነገ ነገር ቢመስልም ውሉ ዛሬ ነው የሚጻፈው። በ2022 መጀመሪያ ጃፓኖች ሱዛኩ የምትባል 95 ሜትር የኮንቴይነር መርከብ ከቶኪዮ ባሕረ ሰላጤ ኢሴ ደርሳ እንድትመለስ፣ 790 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በራሷ እንድትነዳ አድርገዋል። ከጉዞው 99 በመቶ የሚሆነውን ማሽኑ ነድቷል፤ መርከብ በበዛበት በዚያ ባሕር ሌሎችን እያየ፣ እያሰላ፣ መሪውን ራሱ እያዞረ። አስደናቂ ነው። የማሪታይም ድርጅቱም ለእንዲህ ዓይነት መርከቦች ደንብ ሲያረቅ ቆይቷል፤ አስገዳጁ በ2032 ሥራ ላይ እንዲውል ነው የታቀደው።

ጥያቄዬ አንድ ነው። እንዲህ ያለች መርከብ ሌላ መርከብ ብትገጭ ጥፋቱ የማን ነው? የ1924ቱ ደንብ ነፃ የሚያወጣው ካፒቴኑ፣ ባሕረኛው፣ ፓይለቱ ወይም የአጓጓዡ ሠራተኛ ሲሳሳት ነው። ማሽን ከእነዚህ አንዱም አይደለም። የማሽኑ ስህተት የመርከቡ ጉድለት ነው ከተባለ አጓጓዡ ይከፍላል። የማሽኑ ስህተት እንደ ካፒቴኑ ስህተት ይቆጠር ከተባለ ግን እንደ ተለመደው ነጋዴው ይከፍላል። የመርከብ ባለቤቶች በየትኛው ወገን እንደሚቆሙ ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም፤ ጠበቆቻቸውም አይተኙም። የዕቃ ባለቤቶች በየአገሩ፣ የእኛም የንግድ ምክር ቤትና የኢንሹራንስ ማኅበር ጭምር፣ ከአሁኑ ድምፃቸውን ካላሰሙ ቢል ኦፍ ሎዲንጉ ጀርባ ላይ በደቃቅ ፊደል ተጽፎ እናገኘዋለን። ወደብ የሌለን አገር ነን፤ ዕቃችን አብዛኛውን ጊዜ ስሟን በማናውቃት መርከብ ላይ ነው የሚጫነው፤ መንገድ ላይም ከአንዷ ወደ ሌላዋ ይገለበጣል። መርከቧን ካልመረጥን ወረቀቱን እንኳ እናንብብ።

ጋሼ ሰሞኑን ፖሊሲያቸውን ይዘውልኝ መጥተው ነበር። ሲ.ኤል. 380 ግርጌው ላይ አለች፤ እሳቸው ግን ከቴምብሩ በታች ያለውን አንብበው አያውቁም። አብረን ወደ ኢንሹራንሱ ሄድን። ጠረጴዛው ላይ ያለችው ልጅ አንቀጹን ሁለት ጊዜ አንብባ፣ «ጋሼ፣ ይህን ጠይቆኝ የሚያውቅ ደንበኛ የለም፤ አለቃዬን ጠይቄ በደብዳቤ እመልስልዎታለሁ» አለቻቸው። ይህ ጽሑፍ እስከተጻፈበት ቀን ደብዳቤው አልደረሳቸውም። አዲሷ ቀስታቸው ደግሞ ማላካን ጨርሳ ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ወጥታለች።